ቀዩ ክርና የአያ ቢተው ጄኔሬተር

በሙሉ ስሜ ብትጠይቁ ጎንደር ውስጥ የሚያውቀኝ አልነበረም፤ «ሰኢድ ራዲዮ» ካላችሁ ግን የአዲስ ዓለም ሰፈር ሕፃን እንኳ እጃችሁን ይዞ ያመጣችሁ ነበር። አባቴ ጨርቅና ክር በሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴስተር፣ ሁለት ካቻቪቴና አንድ የብየዳ ብረት ነበረኝ። ራዲዮ እጠግናለሁ፣ ቴፕ እጠግናለሁ፣ ቴሌቪዥን የያዘ ሰው ከመጣማ ሌላውን ሁሉ ጥዬ እነሳለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነበር። ምላሴ ረጅም፣ ጉራዬም ከሙያዬ የሚበልጥ ሰው ነበርኩ፤ «አላውቅም» ማለት ሞት ይመስለኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ «አንተ ደግሞ ምን ጥልቅ አደረገህ?» እንዳትሉኝ ነው።

ጊዜው የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ጦርነቱ ወደ ከተማው እየቀረበ፣ የሰዉ ድምፅ ደግሞ እየቀነሰ የሄደበት ጊዜ። ወደ ማራኪ በሚወስደው መንገድ ላይ ለደጋው ወረዳዎች የእርዳታ እህል የሚያከፋፍል አንድ የመንግሥት ቢሮ ነበር። እዚያ ቢሮ ኮምፒውተር መጣ ተባለ። በዚያን ጊዜ በከተማው ኮምፒውተር በዓይኑ ያየ ሰው በጣት ይቆጠራል። እኔ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ አንድ መጠገኛ ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆሜ ሲፈቱና ሲገጥሙ አይቻለሁ። ስመለስ ግን «አይቻለሁ» አላልኩም፤ «ሠልጥኛለሁ» አልኩ። ወሬ ደግሞ እግር አለው።

አንድ ሐሙስ፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛ የሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ሰኢድ ራዲዮ አንተ ነህ? ዕቃህን ያዝና ተከተለኝ። ጓድ ሰብስቤ ይፈልጉሃል።»

አባቴ የሚለካውን ጨርቅ እንደያዘ ቀና አለ። «ምን አጥፍቶ ነው?»

«ያጠፋው ሌላ ነው። እሱ ለሥራ ነው የተፈለገ።»

አባቴ ጨርቁን እንደገና ከመጀመሪያው መለካት ጀመረ። ያን ጊዜ የተለካው ጠፍቶበት እንደሆነ ገባኝ።

ጓድ ሰብስቤ የዚያ ቢሮ የፖለቲካ ኃላፊ ናቸው። ሲናገሩ ጮክ አይሉም። ከሚጮህ ባለሥልጣን ይልቅ ቀስ ብሎ የሚናገረው እንደሚያስፈራ በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በእጃቸው ምልክት ወደ ኮምፒውተሩ መሩኝ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ፣ ቀይ ዳንቴል ለብሷል። ደንባችን ይታወቃል፤ በቤታችን የተከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ራዲዮኑ ዳንቴል አለው፣ ቴሌቪዥኑ አለው፣ የሶፋው ራስጌ አለው። የዚህኛው ግን መሃሉ ላይ ማጭድና መዶሻ በቢጫ ክር የተጠለፈበት፣ ዙሪያውን ረጃጅም ዘርፍ ያለው ነበር። ማሽኑ የተመረቀ ዕለት የጓድ ሰብስቤ ባለቤት በገዛ እጃቸው ሠርተው ያበረከቱት መሆኑን ከተማው ሁሉ ሰምቶ ነበር።

«ትላንት ይሠራ ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሰኞ መኪኖች ወደ አምባ ጊዮርጊስ እህል ይዘው ይወጣሉ፤ የተቀባዮቹ ስም ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በራሱ ሞተ ወይስ ተገደለ?»

«ልመርምረዋ፣ ጓድ።»

«እስከ አሥር ሰዓት መርምር። ያገኘኸውን ጽፈህ፣ ፈርመህ ትሰጠኛለህ። አሥር ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል።»

መኪናው ማንን ለመውሰድ እንደሚመጣ አልነገሩኝም። ዓይናቸው ግን ጥግ ላይ ወንበር ይዛ ወደተቀመጠች ልጅ ሄደ። ትርንጎ ትባላለች፤ በማሽኑ ላይ የምትሠራው እሷ ነበረች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወለሉን ታያለች። ወንድሟ ከሁለት ዓመት በፊት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ ጫካ ገባ ይባላል። እንዲህ ያለ ወንድም ላላት ልጅ በዚያ ዘመን የተሰበረ ብርጭቆ እንኳ አሻጥር ነው።

ጓድ ሰብስቤ ወጡ። ዘበኛው በሩ ላይ ቀረ። እኔም ከእነ ጉራዬ ማሽኑ ፊት ቆምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ውስጡን ከፍቼ የማላውቀው ዕቃ ሰው ሊያስበላ ነው።

መቼም ከሚያውቁት መጀመር ነው። የጠረጴዛ መብራቱን ከማሽኑ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ በራ። እሺ፣ ግድግዳው ደኅና ነው። ገመዱን ነቅዬ ከዳር እስከ ዳር በቴስተር ለካሁት፤ አልተቆረጠም። መልሼ ሰክቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም። ድምፅ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ከፊት ለፊት ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት እንኳ ብልጭ አላለችም። ስክሪኑ ራሱን ችሎ ስለሚበራ እሱን ተውኩት። አዲስ አበባ ያየሁት ጠጋኝ «ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ድርግም ካለ ሆዱን ሳይሆን ጉሮሮውን ፈልግ» ይል ነበር። ጉሮሮው ማለት ከኋላ ያለው ኃይል ሰጪ ሳጥን ነው፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልቱን ተቀብሎ ለማሽኑ በሚስማማው መጠን ቆንጥሮ የሚያከፋፍለው።

ማሽኑን ለመፍታት ዳንቴሉን ገፈፍኩት። ሳነሳው ከኋላ በኩል ያዘኝ። ሳብ አደረግሁት፤ ቷ ብሎ ለቀቀ። ልብ አላልኩትም።

ብሎኖቹን ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ወጣ። ሳጥኑን ከነገመዶቹ አወጣሁት። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎም ውስጡ ኃይል ተጠራቅሞ ይቆያል፣ ሰው ይጥላል። ለብቻው አስቀምጬው ሻይ እንዳዘዘ ሰው ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ዘበኛው «ምነው ተቀመጥህ?» አለኝ። «እስኪበርድ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ምናልባት እሱም የሚበርድ ነገር ያውቅ ይሆናል።

ስከፍተው ፊውዙ ከውስጥ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ሽቦው ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ መስታወቱ ከጠቆረ ግን ውስጥ የሆነ ነገር ተቃጥሎ መስመሩ ተነካክቷል ማለት ነው። ትራንዚስተሮቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ሁለቱ ሞተዋል። ለምን? ማን ገደላቸው? ሳጥኑን የምታቀዘቅዘውን ማራገቢያ በጣቴ ገፋኋት፤ አልዞረችም። ጨምሬ ገፋኋት፤ እምቢ አለች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ሳያት ከእንብርቷ ላይ አንድ ነገር ተጠምጥሟል። በወረንጦ ይዤ ሳብኩት። ወጣ፣ ወጣ፣ ገና ይወጣል። ቀይ ክር።

የክር ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ክር ከእኔ አይሰወርም። ከአባቴ ሱቅ የተሸጠ የዳንቴል ክር ነበር። ዳንቴሉን ገልብጬ ሳየው ከኋላው ዘርፍ አንዱ ጥፍት ብሏል። ነገሩ ግልጽ ሆነ። ማሽኑን ለክብሩ ሲሉ አልብሰውታል፣ ለክብሩ ሲሉ ከግድግዳ አጣብቀውታል፤ ዘርፉ ከኋላ እየተንጠለጠለ ማራገቢያዋ ውስጥ ገብቶ አንቋታል። መተንፈሻ አጥቶ፣ ግሎ ግሎ፣ ዛሬ ጠዋት ነደደ። ማሽኑን የገደለው የኃላፊው ሚስት ዳንቴል ነው።

ዘበኛውን «ልጅቷን ስለ አሠራሩ ልጠይቃት» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ሲጋራ ለኮሰ። ትርንጎ ቀረብ አለች። ክሩን በመዳፌ ውስጥ አሳየኋት። አልደነገጠችም።

«አውቀዋለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሁለት ጊዜ ልብሱን አንስቼለት ነበር፤ ይሞቃል ብዬ። የአብዮቱን ዓርማ አዋረድሽ ተብዬ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ፤ ይህንኑ እጽፋለሁ።»

እጄን ያዘችኝ። «ሰኢድ፣ በወንድም አምላክ፣ ይህን አትጻፍ። ክር ከውስጡ ወጣ ካልክ የከተተችው እሷ ናት ይላሉ። ልብሱን ስትጠላ ነበር ይላሉ፣ ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ አለ። ሚስታቸውን ጥፋተኛ የሚያደርጉ ይመስልሃል? ሌላ ነገር ፈልግልኝ።»

ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ወረቀቱን አቅርቤ ተቀመጥኩ። ሌላ ምን አለ? «ጠዋት ሲጠፋ የከተማው መብራት ነበር?» አልኳት። «አልነበረም፤ በጄኔሬተር ነበር የምንሠራው» አለች። ደስ አለኝ። ጄኔሬተር! ብረት ነው፣ ነፍስ የለው፣ ወንድም የለው፣ ፋይል የለው። ብረትን ማን ያስራል?

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የብልሽቱ መንስኤ ከጄኔሬተሩ የወጣ ያልተመጣጠነ ኃይል ነው።» ሰባት ቃል። ፈረምኩ። ክሩን ኪሴ ከተትኩት።

እዚህ ላይ ልዋሻችሁ እችል ነበር። «ጄኔሬተሩን የሚይዝ ሰው መኖሩን አላሰብኩም» ብዬ ብነግራችሁ ታምኑኝ ይሆናል። አስቤያለሁ። አያ ቢተው የሚባሉ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡ ሽማግሌ እንደሚይዙት አውቅ ነበር፤ ራዲዮናቸውን ሠርቼላቸዋለሁ። ስማቸው በሐሳቤ ሽው ብሎ አለፈ። «ኧረ እሳቸውን ማን ይነካል፣ ሽማግሌ ናቸው» አልኩና አሳለፍኩት። ከዚያ በኋላ ነው የፈረምኩት።

አሥር ሰዓት ላይ መኪናዋ መጣች። ጓድ ሰብስቤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። «ያልተመጣጠነ» አሉ፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። «ያላመጣጠነው ማን ነው?»

«ጄኔሬተሩ ነው፣ ጓድ።»

«ጄኔሬተር ራሱን አያስነሳም» አሉ፤ በመስኮቱም ለወታደሮቹ ወደ ጓሮው አመለከቱ።

አያ ቢተው በእጃቸው የዘይት ጨርቅ እንደያዙ መጡ። ጨርቁን የሚያስቀምጡበት ፈልገው ግራ ቀኝ አዩ። «ምነው ልጆቼ? ምነው? ምን አጠፋሁ?» ሲሉ ሰማኋቸው። ወደ መኪናዋ ሲወጡ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው አንዱ ወታደር ከኋላ ገፋቸው። ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ቴስተሬን ጠቀለልኩ። መቼም እጅ የሚሠራው ካጣ የሆነ ነገር ይጠቀልላል።

ማታ አባቴ ፊቴን አይቶ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ክሩን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩና ሁሉንም ነገርኩት። ክሩን በጣቶቹ አሸት አድርጎ አየው።

«ከእኛው ነው» አለ። «ስድስት ልቃቂት የጓድ ሰብስቤ ሚስት ራሷ መጥታ ከእኔ ገዝታለች።» ክሩን ወደ እኔ ገፋና «እንግዲህ ዝም በል። አንዷን አውጥተህ አንዱን አስገብተሃል። ከተናገርህ ደግሞ ሦስታችሁም ትገባላችሁ» አለኝ። አባቴ ፈሪ ሰው አልነበረም። ልጁን ግን ይወድ ነበር። እራቱን ሳይበላ ተነሣ።

ዓርብ ዝም አልኩ። ቅዳሜም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ቀላል ነው የሚል ካለ ሞክሮት አያውቅም። ራዲዮ ስከፍት እጄ ይሳሳታል፤ ሰው ስሜን ሲጠራ እበረግጋለሁ።

እሑድ ጠዋት አንዲት ጠና ያሉ ሴት በአገልግል ምግብ አንጠልጥለው ሱቁ ደጃፍ ቆሙ። ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ ነበር የመጡት። ምግቡን እስር ቤቱ በር ላይ አንቀበልም ብለዋቸው መልሰው ይዘውታል።

«አንተ ነህ አሉኝ የማኪናው ሐኪም» አሉኝ። «የአያ ቢተው ሚስት ነኝ። እስቲ ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ባሌ ማኪና ገደለ?»

ካቻቪቴዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔ እኮ አውቀዋለሁ። ያን ሞተሩን ከእኔ ይልቅ ነው የሚያባብለው። አጥፍቶ ከሆነ አጠፋ በለኝ፣ ልመና እሄዳለሁ። ካላጠፋ ግን ማን እንዳጠፋ አንተ ታውቃለህ፤ ሸጋ ልጅ ትመስላለህ።»

አባቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ አየኝ። ዝም በል አላለኝም። አንገቱን ደፋ። የፈቀደልኝ መሰለኝ፤ እስከ ዛሬም ፈቅዶልኛል ብዬ ነው የማምነው። «ነገ ጓድ ሰብስቤ ዘንድ እገባለሁ» አልኳቸው ሴትየዋን።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ጓድ ሰብስቤ ቢሮ ገባሁ። ግቢው ውስጥ እህል የጫኑ መኪኖች ሞተር እያሞቁ ነበር፤ ስም ዝርዝሩን ትርንጎ ከድሮ ወረቀቶች ላይ ለቃቅማ በእጅ ጽፋው አድራለች። በሩን ዘጋሁት። ክሩን አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ማሽኑን የገደለው ነው፣ ጓድ። ከማራገቢያዋ ውስጥ ነው ያወጣሁት። የዳንቴሉ ዘርፍ ነው። የመጀመሪያው ወረቀቴ ውሸት ነበር።»

ክሩን በጣታቸው ጫፍ አንስተው አዩት። ከውጭ የመኪኖቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በሩ ተከፍቶ ወታደሮቹ ሲገቡ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁ፤ አባቴ ብቻውን ሱቅ ሲዘጋ አየሁ።

«ዳንቴሉ ሦስት ወር ፈጅቶባታል» አሉ በመጨረሻ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ቀጥለው «ማን ያውቃል?» አሉ።

«እኔ ብቻ።»

«ልጅቷስ?»

«አታውቅም። እንዳይሰማብኝ ከክፍሉ አስወጥቻት ነበር።» ይህ ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። በእሱ ግን አላፍርም።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ያን ጊዜ አንድ ያልጠበቅኩትን ነገር አየሁ። ሰውዬው ፈርተዋል። ያ ዳንቴል ዓርማ ያለበት ነው፤ ከቤታቸው የወጣ ነው፤ እንዳይነሳ ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። የእሳቸውን ወንበር የሚመኝ ሌላ ጓድ ይህን ክር ቢያገኝ መኪናዋ አሥር ሰዓት ላይ ለማን እንደምትመጣ ያውቃሉ። እኔ ለካስ ሳላውቀው ሰውን የሚያስር ክር ይዤ ነው የገባሁት።

«ሌላ ወረቀት ጻፍ» አሉኝ። «ማሽኑ በእርጅና ተበላሸ በል።»

«ገና ዓመቱ ነው፣ ጓድ።»

«የማሽን ዕድሜ ስንት እንደሆነ በዚህ ከተማ ከአንተ በቀር የሚያውቅ አለ?»

ጻፍኩ። ፈረምኩ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከክሩ ጋር መተርኮሻው ላይ አድርገው ክብሪት ጫሩበት። ጭሱ እስኪያልቅ ቆሜ አየሁ። «ክር አልነበረም» አሉ። «ክር ካለ አንተ የለህም።» ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

አያ ቢተው ማክሰኞ ተፈቱ። ዳንቴሉም በዚያው ሳምንት ከቢሮው ጠፋ፤ ማንም የት ገባ ብሎ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አለፈ፤ መንግሥትም ተለወጠ፣ እኔም ብዙ ኮምፒውተር ፈታሁ ገጠምኩ። ጉራዬ ግን ያኔውኑ ቀረ። ዛሬ ደንበኛ «ምን ነክቶት ነው?» ሲለኝ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ቢሮ ተቀምጣችሁ ሪፖርት የምትጽፉ ብትኖሩ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «መንስኤው ይህ ነው» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ከዚያ ዕቃ ኋላ የቆመ ሰው ካለ ዞር ብላችሁ እዩ። እኔ አይቼ ነው የፈረምኩት። ያላየ ሰው ይቅርታ አለው፤ ያየ ሰው ምን እንዳለው አላውቅም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ከተፈቱ በሁለተኛው ሳምንት አያ ቢተው ሱቃችን መጡ። ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸው ስለነበር በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ እኛ ድረስ ግማሽ ቀን ሳይፈጅባቸው አይቀርም። በአንድ ጣሳ ማር ይዘው ነበር። ወንበር ሳቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ።

«ሚስቴ ሁሉንም ነገረችኝ» አሉኝ። «ጓድ ሰብስቤ ዘንድ ገብተህ ስለ እኔ ተናግረህ ያስፈታኸኝ አንተ ነህ አሉ። ዘመድህ አይደለሁ፣ የሃይማኖት ወንድምህ አይደለሁ። ለባዕድ ሽማግሌ ብለህ አንገትህን ሰጠህ።»

መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። አባቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ጨርቅ ያጥፋል፤ እጁ ቆሟል።

አያ ቢተው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በሁለት እጃቸው ራሴን ይዘው መረቁኝ። «ክፉ አይንካህ። ልጅህ ይውጣልህ። ሐሰት የሚናገርብህ አፍ ይዘጋልህ።»

«አሚን» አልኩ።